‹ጎጃም› ወይስ ‹ጐጃም›፦ የፍለጋ ክላስተርን በሴሬብሮ ማስተዳደር

ጎጃም የሚለው ስም በሁለት ዓይነት ይጻፋል፤ በ‹ጎ› እና በ‹ጐ›። አንባቢ ልዩነቱን ሳያስተውል ያልፈዋል። ኮምፒውተር ግን አያልፈውም፤ በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ሁለቱ ፊደላት የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው በአንዱ የፈለገ ሰው በሌላው የተጻፈውን ሰነድ አያገኝም። በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር ወይም በእንጅባራ የዓመታት ደብዳቤውንና መዝገቡን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ «እንግዲህ እንደ ልባችን እንፈልግ» ያለ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው። ችግሩን የሚፈታው የፍለጋ ሞተሩ ነው። ሞተሩ ሆዱ ውስጥ ምን እያደረገ እንደሆነ የሚያሳየው ደግሞ በአጠገቡ የሚጫን ሥዕላዊ ማስተዳደሪያ ነው። ይህ ዳሰሳ ስለ ሁለተኛው፣ በተለይም ሴሬብሮ ስለተባለው መሣሪያና በሊኑክስ ላይ ስለ አጫጫኑ ይናገራል።

ሞተሩና መስኮቱ

ሞተሩ ኢላስቲክሰርች ይባላል። ሻይ ባነን የተባለው ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2010 ለሕዝብ ያወጣው ሲሆን፣ የተገነባው ዳግ ከቲንግ በ1999 በጀመረው ሉሲን በተባለ የፍለጋ ሶፍትዌር ላይ ነው። ሰነዶች ኢንዴክስ በሚባል ማኅደር ይገባሉ፤ ኢንዴክሱ ሻርድ በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል፤ ሻርዶቹ ኖድ በሚባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ይደለደላሉ። ለእያንዳንዱ ሻርድ ሪፕሊካ የሚባል ቅጂ ይዘጋጅለታል። አብረው የሚሠሩት ኖዶች በአንድነት ክላስተር ናቸው። ይህ ሁሉ ግን ፊት የለውም። በ9200 ፖርት (ፕሮግራሙ በኔትወርክ በሚያዳምጥበት ቁጥር ያለው በር) ጥያቄ ሲቀርብለት በቅንፍና በትእምርተ ጥቅስ የታጨቀ ጽሑፍ ይመልሳል። ለለመደው ሰው በቂ ነው። ሥራውን ትናንት የተረከበ ባለሙያ ግን ቦታ ያጣው ሻርድ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ገጽ ሙሉ ቅንፍ ሲቆጥር ይውላል።

ቀደም ሲል ማስተዳደሪያዎቹ እዚያው ሞተሩ ውስጥ የሚሰኩ ነበሩ። ኮፕፍ የተባለው ከእነርሱ አንዱ ነው። በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢላስቲክሰርች 5.0 ዕትም እንዲህ ያለውን ተሰኪ ገጽ ፈጽሞ ስላስቀረ፣ የኮፕፍ ደራሲ ራሱን ችሎ የሚቆም ሌላ መሣሪያ ሠራ፤ ሴሬብሮ ይህ ነው። ኮፕፍ በጀርመንኛ ራስ፣ ሴሬብሮ በስፓኝኛ አንጎል ማለት ነውና አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ መግባቱ ነው። ስካላ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነጻ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ በ9000 ፖርት ያዳምጣል። የተጠቃሚው ብሮውዘር የሚነጋገረው ከሴሬብሮ ጋር ብቻ ነው፤ ከክላስተሩ ጋር የሚነጋገረው ሴሬብሮ ራሱ ነው።

የሞተሩ ባለቤት ኩባንያ የሚያቀርበው ኪባና የተባለ መሣሪያም አለ። ግራፍና ሪፖርት ለሚፈልግ ሰው ኪባና ይበልጣል፤ ሁለት ወይም ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮችን ይዞ «ደኅና አደራችሁ?» ብሎ ለመጠየቅ ግን ሸክሙ ይበዛል። የሴሬብሮ የመጨረሻ ዕትም 0.9.4 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ስለሆነ፣ ኢላስቲክሰርች 8ንና ከዚያ በላይን የሚጠቀሙ ብዙዎች ኢላስቲክቪው ወደተባለው አዲስ መሣሪያ ዞረዋል። እሱ በብሮውዘር ላይ እንደ ተጨማሪ ስለሚገጠም ሰርቨሩ ላይ የሚጫን ነገር የለውም። ሴሬብሮ ግን ዛሬም በየቦታው ይገኛል፤ አጫጫኑን የተማረም ስለ ሊኑክስ አገልግሎቶች ብዙ ነገር አብሮ ይማራል።

አጫጫኑ

ሴሬብሮ የሚሠራው ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ማስኬጃ ላይ ስለሆነ ጃቫ ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ኢላስቲክሰርች ከ7.0 ዕትም ጀምሮ የራሱን ጃቫ በጉያው ይዞ ስለሚመጣ፣ ሞተሩ እየሠራ ያየ ሰው ጃቫ ያለ ይመስለዋል። ያ ጃቫ የሞተሩ የግል ስንቅ ነው፤ ለሌላ አይቆረስም። ስለዚህ ለሴሬብሮ ለብቻው መጫን ያስፈልጋል። ኦፕንጄዲኬ 11 የተባለው ነጻ ጃቫ ሳያስቸግር ያስነሳዋል። በ2021 ለቆመ ፕሮግራም የዘንድሮን ጃቫ መስጠት ያለ ምክንያት ራስን ማድከም ነው።

ፕሮግራሙ ለኡቡንቱና ለዴቢያን በዴብ ጥቅል፣ ለሬድ ሃት ቤተሰብ በአርፒኤም ጥቅል፣ ለማንኛውም ሊኑክስ ደግሞ በተጨመቀ ፋይል ይገኛል። መጠኑ ከመቶ ሜጋባይት በታች ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ የጎጃም ባለሙያ ግን ፋይሉን አውርዶ ጭኖ ብቻ አይተወውም። ሴሬብሮውን፣ ጃቫውን፣ ጃቫው የሚጠይቃቸውን ጥቅሎች፣ የሞተሩንም ዕትም በአንድ ፍላሽ ላይ ገልብጦ፣ ቀኑን ጽፎበት መሳቢያ ውስጥ ያኖረዋል። በኔ ግምት ከጠቅላላው ሥራ ዋጋ ያለው ይህ የግማሽ ሰዓት ድካም ነው።

በዴብ ጥቅሉ የተጫነ እንደሆነ የሊኑክስ ተጠቃሚውና በሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎቶችን በሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚነሳው አገልግሎት አብረው ይፈጠራሉ። ከተጨመቀው ፋይል ለሚጀምር ሰው ግን ሁለቱንም በእጅ ማዘጋጀት ግድ ነው፦ ፋይሉን ኦፕት በተባለው ማውጫ ይዘረጋል፣ የይለፍ ቃል የሌለው አንድ ተራ ተጠቃሚ ይፈጥራል፣ የፎልደሩን ባለቤትነት ለዚያ ተጠቃሚ ያስተላልፋል፣ ከዚያ አጭር የአገልግሎት ፋይል ይጽፋል። በሩት (ሁሉን ማድረግ በሚችለው የሊኑክስ ተጠቃሚ) ሥልጣን ማስነሳት ያቋራጭ መንገድ ይመስላል። ኢላስቲክሰርች ራሱ በሩት አልነሳም ብሎ እንቢ የሚለው በምክንያት ነው።

ማስተካከያዎቹ በአንድ ፋይል ተሰብስበዋል። የክላስተሩ አድራሻና መጠሪያ እዚያ ይጻፋል። ፋይሉ ውስጥ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ሆኖ የሚመጣ ረጅም የምሥጢር ሐረግ አለ፤ የመግቢያ ኩኪዎች (የገባውን ሰው ለማስታወስ ብሮውዘሩ የሚይዛቸው ትንንሽ መረጃዎች) የሚፈረሙት በእሱ ስለሆነ መቀየር ይገባዋል። ያለፉ ጥያቄዎችን ታሪክ የሚያስቀምጥበት ትንሽ ዳታቤዝም አለው፤ ተጠቃሚው ዳታቤዙ በሚቀመጥበት ፎልደር የመጻፍ ፈቃድ ከሌለው ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ የስሕተት መልእክቱም ረጅምና የሚያደናግር ነው።

ኢላስቲክሰርች 8 ከሆነ አንድ ነገር ይጨመራል። ከዚህ ዕትም ወዲህ የይለፍ ቃልና ምስጠራ ከመጀመሪያው ጀምሮ የበሩ ናቸው፤ የዋናው ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ሞተሩ በተጫነበት ቅጽበት ስክሪኑ ላይ አንዴ ይታያል። ያን ጊዜ ያልጻፈው ሰው አዲስ ለማውጣት ሌላ ትእዛዝ ይፈልጋል። ለምስጠራው የሚያገለግለውን፣ የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠውን የምስክር ወረቀት ሞተሩ ራሱ ለራሱ ስለሚፈርም ሴሬብሮ አያምነውም። ወረቀቱን ለጃቫ ማስተዋወቅ ይሻላል፤ «ማንኛውንም ተቀበል» የሚለው አማራጭ የሚያስኬደው ሁለቱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

ገጹ ሲከፈት ኢንዴክሶቹ ከላይ በዓምድ፣ ኖዶቹ በግራ በኩል በመደዳ ይታያሉ። በመገናኛቸው ላይ ቁጥር የያዙ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች አሉ፤ ሻርዶቹ ናቸው። መሪው ኖድ በኮከብ ይለያል። ቦታ ያላገኙት ሻርዶች ደግሞ ለብቻቸው ተለይተው ይቀመጣሉ። የክላስተሩ ጤና ሦስት ቀለም አለው፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።

አብዛኛው ድንጋጤ የሚመጣው ከቢጫው ነው። በአንድ ኮምፒውተር ብቻ የቆመ ክላስተር ቢጫ ሆኖ መታየቱ ሕመም አይደለም። ሞተሩ ለእያንዳንዱ ሻርድ አንድ ቅጂ ማስቀመጥ ይፈልጋል፣ ቅጂውን ከዋናው ጋር በአንድ ኖድ ላይ አያስቀምጥም፣ ሌላ ኖድ ደግሞ የለም። የቅጂውን ብዛት ዜሮ ማድረግ ቀለሙን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ አረንጓዴው ግን ሰነዱን ከዲስክ ብልሽት አያድነውም። ቀይ ሌላ ነገር ነው። አንድ ዋና ሻርድ ጠፍቷል፣ ማለትም ከሰነዱ ከፊሉ በዚያ ሰዓት ሊፈለግ አይችልም።

ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጠዋት ሲመለስ የሚሆነውን እንይ። ሰርቨሩ ይነሳል፤ ሞተሩ ይነሳል፤ ገጹ ቀይ ሆኖ ይጀምርና ሻርዶቹ አንድ በአንድ ሲነቁ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሲያይ «እንደ ቡና ስኒ ይደረደራል» ይላል። በዚህ መሀል መነካካት አያስፈልግም። ከሦስት ኖዶች አንዱ ብቻ ጠፍቶ ከሆነ ሞተሩ አንድ ደቂቃ ይጠብቃል፤ በደቂቃው ውስጥ ካልተመለሰ የጎደለውን ቅጂ በሌሎቹ ላይ መሥራት ይጀምራል። ኖዱ በሦስተኛው ደቂቃ ከተመለሰ ከተሠራው ብዙው ከንቱ ይሆናል፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ጄኔሬተር ለማስነሳት አምስት ደቂቃ በሚፈጅበት ቢሮ ይህን የመጠበቂያ ጊዜ ማስረዘም ብልህነት ነው። ለታቀደ ጥገና ደግሞ ሴሬብሮ ላይ የሻርድ ድልድሉን የሚያግድ የቁልፍ ምልክት አለ፤ ከጥገናው በኋላ መልሶ መክፈቱን መርሳት የተለመደ ጥፋት ነው።

አንዳንዴ ሞተሩ ተነሥቶ ሴሬብሮ አልነሳም ይላል። ሲነሳ ሊኑክስ የሰጠውን የመለያ ቁጥር ፋይል ላይ እንዲጽፍ ተደርጎ ከሆነ፣ በደንብ ሲዘጋ ፋይሉን ራሱ ያጠፋዋል፤ መብራት ሲያቋርጠው ግን ፋይሉ እንዳለ ይቀራል። ጠዋት ያን ፋይል ያገኘው ሴሬብሮ «እኔ አስቀድሜ እየሠራሁ ነው» ብሎ ራሱን ይመልሳል። ፋይሉን መሰረዝ ለዕለቱ ይበቃል። ለዘለቄታው በማስተካከያ ፋይሉ ላይ የመለያ ፋይሉን መድረሻ ሁሉን ወደሚውጠው የሊኑክስ ባዶ መሣሪያ (/dev/null) ማዞር ነው።

ዲስኩም ይታይ። 85 በመቶ ሲሞላ ሞተሩ አዲስ ሻርድ እዚያ ኖድ ላይ ማስቀመጥ ያቆማል፤ 90 ሲደርስ ያሉትን ማዛወር ይጀምራል፤ 95 ሲሆን ኢንዴክሶቹ የሚነበቡ እንጂ የማይጻፍባቸው ይሆናሉ።

በሩ

ሴሬብሮ ሲጫን የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ገጹን የከፈተ ሁሉ፣ የክላስተሩ የራሱ መግቢያ ካላገደው፣ በሁለት ጠቅታ አንድ ሙሉ ኢንዴክስ መሰረዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ቤዛ ጠያቂዎች፣ በ2020 ደግሞ ምንም ሳይጠይቁ የሚያጠፉ ሰዎች በበይነመረብ ላይ ክፍት የተተዉ ኢላስቲክሰርቾችን ባዶ አድርገዋል። ስለዚህ 9000 እና 9200 ፖርቶች ወደ ውጭ መታየት የለባቸውም። ሴሬብሮ በራሱ ሰርቨር ውስጥ ብቻ እንዲያዳምጥ ማድረግ፣ ከሌላ ቦታ የሚሠራ ሰው በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሰርቨር ጋር በምስጠራ በሚያገናኘው መንገድ) መሿለኪያ እንዲገባ ማድረግ ይበቃል።

ፊደሉ

አሁን ወደ ‹ጐጃም› እንመለስ። ሴሬብሮ ውስጥ ጽሑፍ ጽፎ ሞተሩ ቃላቱን እንዴት እንደሚቆርጣቸው የሚያሳይ ገጽ አለ። ለአማርኛ ተጠቃሚ ከመሣሪያው ሁሉ የሚጠቅመው ይኸው ገጽ ነው፤ ኢላስቲክሰርች ለአረብኛ፣ ለአርመንኛና ለቤንጋሊ አብሮት የሚመጣ የቋንቋ መተንተኛ ሲኖረው ለአማርኛ የለውም። መደበኛው መተንተኛ በክፍት ቦታና በሥርዓተ ነጥብ ከመቁረጥ አያልፍም።

ገጹ ላይ «የጐጃም» ብለን ብንጽፍ አንድ ቃል ሆኖ ይወጣል፤ ‹ጐጃም› ለሚፈልግ ሰው አይገኝም። «ዓ.ም» ሳይቆረጥ ያልፋል፤ «ዓ/ም» ግን ‹ዓ› እና ‹ም› ሆኖ ለሁለት ይሰበራል፤ ሞተሩ የሚከተለው የዩኒኮድ ደንብ በፊደላት መካከል ያለ ነጠላ ነጥብን ሲያልፍ እዝባርን ስለማያልፍ ነው። ይህ በጎጃም ቀላል ነገር አይደለም። በጽሕፈት ቤት ደብዳቤ «ደ/ማርቆስ»፣ «ባ/ዳር»፣ «ፍ/ሰላም» ማለት የተለመደ ነውና፣ ለሞተሩ «ደ/ማርቆስ» አንድ ‹ደ› እና አንድ ‹ማርቆስ› ነው፤ ከተማዋና ማርቆስ የሚባለው አቤቱታ አቅራቢ አብረው ይመጣሉ።

መፍትሔው ቃላት ከመቆረጣቸው በፊት ፊደል የሚተካ ማጣሪያ ነው። ‹ጐ›ን ወደ ‹ጎ›፣ ‹ሠ›ን ወደ ‹ሰ›፣ ‹ሐ› እና ‹ኀ›ን ወደ ‹ሀ›፣ ‹ዐ›ን ወደ ‹አ›፣ ‹ፀ›ን ወደ ‹ጸ› ከነዘሮቻቸው፤ «ደ/ማርቆስ»ንም ወደ «ደብረ ማርቆስ»። ለመሥሪያ ቤት መዝገብ ይህ ይበቃል። የዋሸራ ወይም የጎንጅ ቅኔ ቤት መምህር ግን ይህን ቢያዩ ደስ አይላቸውም፤ ትክክልም ናቸው። በግእዝ ‹ሠረቀ› ወጣ ነው፣ እንደ ፀሐይ፤ ‹ሰረቀ› ግን ሰረቀ ነው። ሁለቱን አንድ ያደረገ ማጣሪያ ፀሐይን ሌባ ያደርጋል። የብራና ወይም የቅኔ ስብስብ የሚያደራጅ ሰው አንዱን ጽሑፍ በሁለት መልክ ማስገባት ይኖርበታል፦ አንዱ ፊደሉ የተስተካከለ ለሰፊ ፍለጋ፣ ሌላው እንደተጻፈ ለጥንቃቄ ፍለጋ። ሞተሩ አንድን መስክ በሁለት መተንተኛ ማስቀመጥ ስለሚፈቅድ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ መጻፍ አያስፈልግም።

ማጣሪያው ቀድሞ የገቡትን ሰነዶች አይነካም። አዲስ ኢንዴክስ ከማጣሪያው ጋር ይፈጠራል፤ ሰነዶቹ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይገለበጣሉ። በሴሬብሮ ገጽ ላይ ሁለቱ ዓምዶች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የአንዱ የሰነድ ቁጥር ቆሞ የሌላው እየጨመረ ይሄዳል። ሲተካከሉ የቀድሞው መጠሪያ ወደ አዲሱ ይዞራል፣ አሮጌው ለጥቂት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ይሰረዛል።