የከተማ ስደተኞች ጥበቃና ድጋፍ በመሀል አዲስ አበባ

የከተማ ስደተኞች የሚባሉት ከመጠለያ ጣቢያ ውጭ፣ ከከተማው ሕዝብ ጋር ተቀላቅለው የሚኖሩ ስደተኞች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ኤርትራውያን ይበዛሉ። የመናውያን፣ ሶማሌዎች፣ ደቡብ ሱዳናውያንና ኮንጎዎችም አሉ። የሱዳን ጦርነት በ2015 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ ሱዳናውያን ተጨምረዋል። አገሪቱ ካስጠለለቻቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች አብዛኞቹ የሚኖሩት ግን ድንበር አካባቢ ባሉ ጣቢያዎች ነው።

ከተማው ውስጥ ድንኳን የለም፤ የእህል ወረፋም የለም። ስደተኛው እንደማንኛውም ሰው ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ወይም ኮንዶሚኒየም ተጋርቶ ይኖራል። ስለዚህ እዚህ የረድኤት ድርጅቶች ዋና ሥራ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። ምዝገባ፣ መታወቂያ፣ የሕክምና ሪፈራል፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ። ነገሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። መታወቂያ የሌለው ሰው ግን የባንክ ደብተር አያወጣም፣ አከራይ አያምነውም፣ ፖሊስ ሲያስቆመውም የሚያሳየው ነገር የለም።

ታሪክ

ስለ ስደተኛ ሲወራ ከነጃሺ መጀመር የተለመደ ነው። የአዲስ አበባ ታሪክ ግን ቅርብ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ ከተማዋ አስመጡ። ልጆቹ ከጭፍጨፋ የተረፉ ነበሩ። የሙዚቃ ባንድ ሆነው ተቋቋሙ፤ ስማቸውም «አርባ ልጆች» ሆኖ ቀረ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደርሷል። ያኔ ከተማዋ ውስጥ የስደተኞች ድርጅት የሚባል ነገር ስላልነበረ ወጪውንም ኃላፊነቱንም የያዘው ቤተ መንግሥቱ ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በዓመቱ በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአፍሪካን ስደተኞች ሕጋዊ፣ ኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ ጉዳይ የመረመረ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። ትልቁ ነገር ግን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ከተማው ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ በሚልበት ዋዜማ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች የስደተኞችን ስምምነት አጸደቁ። በዚያ ዘመን መሪዎቹ አዲስ አበባ ላይ የሚሰበሰቡት ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ባለው በአፍሪካ አዳራሽ፣ በአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የጄኔቭ ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱና በመሳሰሉት ምክንያት መሳደድን የሚፈራን ሰው ነው። የአዲስ አበባው ስምምነት ይህን ይዞ ሰፋ አደረገው። የውጭ ወረራ፣ የባዕድ አገዛዝ፣ ወይም የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ ያናጋ ሁኔታ ያሰደደው ሁሉ ስደተኛ ነው አለ። ጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው «አንተን ለይቶ ማን አሳደደህ?» አይባልም ማለት ነው። ጥገኝነት መስጠት በጎረቤት አገር ላይ እንደ ጠላትነት እንዳይቆጠርና ወደ አገር መመለስም በውዴታ ብቻ እንዲሆን የደነገገውም ይኸው ሰነድ ነው።

ኢትዮጵያ የጄኔቩን ስምምነትና እ.ኤ.አ. የ1967ቱን ተጨማሪ ፕሮቶኮል የተቀበለችው ሁለት ወር ቆይታ፣ ኅዳር 1 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካው ስምምነት ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ሰኔ 13 ቀን 1966 ዓ.ም. ነበር። ዓለም በየዓመቱ የስደተኞች ቀን ብሎ የሚያከብረው ይህንኑ ቀን ነው። የበዓሉ ሥር እኛ ከተማ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በደርግ ዘመን ትልቁ ሥራ ድንበር ላይ ነበር፤ ኢታንግ ለደቡብ ሱዳናውያን፣ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ሐርትሼክ ለሶማሌዎች።

ሕጉ

የመጀመሪያው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 409/1996 ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ከካምፕ ውጭ የመኖር ፖሊሲ የከተማውን መልክ ቀየረው። ራሱን የሚችል ወይም የሚይዘው ዘመድ ያለው ኤርትራዊ ጣቢያውን ለቆ ከተማ እንዲኖር ፈቀደ። መስከረም 2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ኒውዮርክ ላይ የስደተኞችን ኑሮ የሚያሻሽሉ ዘጠኝ ቃል ኪዳኖች ገባች። ጥቅምት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. የስደተኞች ልደት፣ ጋብቻና ሞት እንደ ዜጎች በወሳኝ ኩነት መመዝገብ ጀመረ። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 መጣ። የመሥራት፣ የመንቀሳቀስ፣ የመማርና ባንክ የመጠቀም መብት በአንድ ሰነድ ተካተተ። አፍሪካ ውስጥ ካሉት ቸር ሕጎች አንዱ መሆኑ የሚያከራክር አይደለም። አፈጻጸሙ ላይ ግን የሚተች ብዙ ነገር አለ። የሥራ መብቱ ዝርዝር መመሪያ የወጣው ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኤርትራውያንን በጅምላ የመቀበሉ አሠራር ተለውጧል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ኤርትራውያን በግዳጅ ተመልሰዋል የሚል ወቀሳ ከተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች ቀርቧል።

ማን ምን ይሠራል

በሩን የያዘው መንግሥት ነው። የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ጥገኝነት ጠያቂውን ይመዘግባል፣ ማመልከቻውን ያያል። ከተባበሩት መንግሥታቱ ኮሚሽን ጋር በሚሠራበት ሥርዓት የአሥሩም ጣቶች አሻራና የሁለቱ ዓይኖች ምስል ይወሰዳል። ኮሚሽኑ ገንዘብ ያፈላልጋል፣ የሕግ ከለላውን ይከታተላል፣ ሦስተኛ አገር ሄደው እንዲሰፍሩ የሚታጩትንም ያቀርባል።

ከአገር ልጅ ድርጅቶች የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ቀድሞ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተ ነው። ለከተማ ስደተኞች በትምህርት፣ በሕክምናና በገንዘብ ድጋፍ ለረጅም ዘመን ሠርቷል። የቤተ ክርስቲያን ስም ቢይዝም የሚያገለግለው ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ነው።

ስድስት ኪሎ ያለው የኢየሱሳውያን (ጀስዊት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር) የስደተኞች አገልግሎት ማዕከል ለየት ይላል። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1980 የመሠረቱት የማኅበሩ የበላይ አለቃ የነበሩት ፔድሮ አሩፔ ናቸው፤ የአዲስ አበባው ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እንግሊዝኛና ኮምፒውተር ይማሩበታል፣ ቤተ መጻሕፍት አለው፣ ሙዚቃና ስፖርት አለ፣ የሥነ ልቦና ምክርም ይሰጣል። የየአገሩ ሰው ጎን ለጎን ሲማር የሚታይበት እንዲህ ያለ ግቢ ከተማው ውስጥ ብዙ የለም። ኢየሱሳውያን ለአካባቢው እንግዳ አይደሉም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ያደራጁት ካናዳዊው ሉሲየን ማትም የዚሁ ማኅበር አባል ነበሩ።

ቀይ መስቀል የተጠፋፋ ቤተሰብ ያገናኛል። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ለሦስተኛ አገር የተመረጡትን ያስመረምራል፣ ያሳፍራል። «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» የሚለው ሰው ይህን ሰንሰለት እየጠበቀ ነው። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ተቀባዩ አገር ስለሆነ ቀን የሚቆርጥለት የለም። ደላላ የሚገባውም እዚህ ክፍተት ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታቱ ኮሚሽን አገልግሎት ሁሉ በነጻ ነው፤ «ኬዝህን ላፋጥንልህ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው አጭበርባሪ ነው።

ገንዘብ

ወርኃዊ የገንዘብ ድጋፍ ለሁሉም አይደርስም። የሚያገኙት በሕክምና፣ በደኅንነት ወይም በሌላ ከባድ ምክንያት ጣቢያ መኖር ያልቻሉት ናቸው። ከካምፕ ውጭ እንዲኖር የተፈቀደለት ራሱን እንዲችል ይጠበቅበታል፤ ስለዚህም ብዙው ሰው የሚኖረው ከውጭ ዘመድ በሚልከውና ባገኘው የቀን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ርዳታዋን ስትቆርጥ ኮሚሽኑ በዓለም ዙሪያ 3,500 ያህል የሥራ መደቦችን አጥፏል። ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ ስደተኞች ግን መንግሥት ከወጪው 75 በመቶውን፣ ኮሚሽኑ ቀሪውን የሚከፍሉበት አሠራር ተዘርግቷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ስደተኞች የፋይዳ ቁጥር ማግኘት ጀምረዋል፤ ምዝገባው የተጀመረው በአዲስ አበባና ዙሪያዋ ካሉት ነው።