ጃፓን ውስጥ መኖር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጃፓን የሄደ የውጭ አገር ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያስደስተውም የሚያበሳጨውም ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ ሁሉም የሚያከብረው፣ ማንም ግን ቁጭ ብሎ የማያስረዳው የዕለት ተዕለት ደንብ። በብዛት የሚሰሙትን ስሕተቶች እንያቸው።

«መንገዱ ንጹሕ የሆነው የቆሻሻ ቅርጫትና የጽዳት ሠራተኛ ስለበዛ ነው»

ቅርጫትማ ፈልጋችሁም ላታገኙ ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 በቶኪዮ የምድር ባቡር ላይ የሳሪን መርዝ ጥቃት ከደረሰ በኋላ ከብዙ ቦታ ተነሥቷል። ሰው የበላበትን መጠቅለያ ቦርሳው ውስጥ ከቶ ቤቱ ይወስዳል።

ዋናው ሥራ ያለው ቤት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የትኛው ቆሻሻ በየትኛው ቀን እንደሚወጣ የሚያሳይ ሰሌዳ ይሰጣችኋል፤ የሚቃጠለው በአብዛኛው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይነሣል። ከረጢቱ የሚወጣው በዚያው ዕለት ጠዋት ነው፣ ብዙ ቦታ እስከ 2 ሰዓት። ማታ ከወጣ ቁራ ቀዶ ይበትነዋል፤ ከረጢቱ በመረብ የሚሸፈነውም ለዚህ ነው። እኛ ሃይላንድ የምንለውን የውሃ ጠርሙስ ክዳኑን ፈትታችሁ፣ የተለጠፈበትን ልጣችሁ፣ አለቅልቃችሁ፣ ጨፍልቃችሁ ለብቻው ታወጣላችሁ። ከተሳሳታችሁ መኪናው ከረጢቱ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጥፎበት ይሄዳል፤ ሠፈሩ ሁሉ ያየዋል። ፍራሽና ቁም ሣጥን ቀጠሮ ይያዝላቸዋል፣ የክፍያ ተለጣፊያቸውም ከሱቅ ይገዛል። ቶኩሺማ ግዛት ውስጥ ያለችው የካሚካትሱ ከተማ ነዋሪዎች ደግሞ ቆሻሻቸውን ከ40 በላይ ቦታ ይለያሉ።

«ጎረቤት ዝም ካለ አልተቀየመም»

ጃፓናዊ ጎረቤት በር አንኳኩቶ «ድምፅ ቀንሱ» ማለት ይከብደዋል። ለሕንጻው አስተዳዳሪ ይደውላል፤ አስተዳዳሪውም ስም ሳይጠራ በየፖስታ ሣጥኑ ማሳሰቢያ ይከታል። ወረቀቱ ሲደርሳችሁ ለእናንተ እንደተጻፈ አድርጋችሁ አንብቡት። ግድግዳው ስስ ነውና ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አታስነሡ።

ለኛ ሰው የሚጨመር አለ፦ ቡና መቁላት። መኝታ ክፍል የጭስ መጠቆሚያ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። በረንዳ ላይ ከቆላችሁ ደግሞ ጭሱ ጎረቤት ያሰጣው ልብስ ላይ ያርፋል። የመኝታ ቤቱን በር ዘግታችሁ፣ የምድጃውን ጭስ መሳቢያ ከፍታችሁ፣ በትንሽ በትንሹ ቁሉ። ዕጣኑን መተው ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፤ ቁራጩን ግን አሳንሱት።

«እናስብበታለን ካሉ ተስፋ አለ»

«ኬንቶ ሺማስ» ቃል በቃል እናጤነዋለን ማለት ነው፤ በሥራ ቦታ ግን በአብዛኛው የጨዋ እምቢታ ነው። «ቾቶ…» (ትንሽ…) ብሎ አየር በጥርሱ መካከል እየሳበ ዝም ያለ ሰውም መልሱን ሰጥቷል። ይህ ማታለል አይደለም፤ ፊት ለፊት ላለማሳፈር ነው። ደግማችሁ ከመጎትጎት «ሌላ ምን ቢሆን ይመቻል?» ብላችሁ ጠይቁ።

«የአንድ ወር ኪራይ ይዤ ቤት እከራያለሁ»

ወርኃዊ ኪራዩ 60,000 የን ነው እንበል። የመጀመሪያው ወር 60,000፣ መያዣው ሺኪኪን 60,000፣ ለአከራዩ በስጦታ ስም የሚሰጠውና የማይመለሰው ሬይኪን 60,000፣ ደላላው ከነታክሱ 66,000፣ ዋስ ለሚሆነው ድርጅት ወደ 30,000። ይህ ብቻ 276,000 የን ነው፤ የእሳት መድንና ቁልፍ መቀየሪያ ገና አልተጨመረም። ሬይኪን በእውነት የሚያንገበግብ ክፍያ ነው። መውጫው ዩ.አር. የሚባለው መንግሥታዊ የቤት ድርጅት ነው፤ ሬይኪን፣ የደላላና የውል ማደሻ ክፍያ የለውም፣ ዋስም አይጠይቅም። በምትኩ የገቢ ወይም የቁጠባ ማስረጃ ይፈልጋል።

«ጃፓን ሌባ የለም»

የጠፋ ቦርሳ ከነገንዘቡ በየሠፈሩ ባለው ትንሽ ፖሊስ ጣቢያ፣ ኮባን፣ መገኘቱ እውነት ነው፤ ደስ ከሚያሰኙት ነገሮች ይህን የሚያህል ጥቂት ነው። ሕጉም ላገኘው ሰው ከዋጋው ከ5 እስከ 20 በመቶ ወሮታ ይፈቅዳል። ጃንጥላና ብስክሌት ግን ይሰረቃሉ። ስለዚህ ብስክሌት ስትገዙ በስማችሁ ይመዘገባል። ወዳጅ የሰጣችሁን ምዝገባውን ሳታዛውሩ ከነዳችሁት ፖሊስ አስቁሞ ቁጥሩን ሲያይ የሌላ ሰው ስም ያገኛል፤ ማስረዳቱ የእናንተ ፈንታ ነው።

«የሠለጠነ አገር ቤት ክረምት አይበርድም»

ከሰሜኑ ቀዝቃዛ ደሴት ከሆካይዶ በስተቀር ብዙው አሮጌ ቤት ብርድ አይከላከልም፤ የሚሞቀው ሰው ያለበት ክፍል ብቻ ነው። የነጭ ጋዝ ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት ውሉን እዩ፤ ብዙ አፓርታማ ይከለክለዋል። ከተፈቀደም በየሰዓቱ መስኮት ክፈቱ፣ ጠዋትም መስታወቱ ላይ ያላበውን ውሃ ጥረጉ፤ ካልሆነ መጋረጃው ይሻግታል።