አሮጌ የኮምፒውተር ኪቦርዶችን መለየትና መጠገን በወሎ

አሮጌ ኪቦርድ መጠገን በወሎ ራሱን የቻለ ሙያ አይደለም። በደሴና በኮምቦልቻ የኮምፒውተር ጠጋኞችና የጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ከሌላ ሥራቸው ጎን ለጎን ይሠሩታል፤ የደሴ እጅ ደግሞ ከተሰበረ ዕቃ ጋር መታገሉን ያውቅበታል።

ኪቦርድን መለየት ከጀርባው ይጀምራል። ፊቱ ላይ የተጻፈው ስም ብዙ ጊዜ የሻጩ እንጂ የሠሪው አይደለም። ቀጥሎ መሰኪያው ይታያል። ትልቁ ክብ ባለ አምስት እግር የቀደመው ሲሆን ትንሹ ባለ ስድስት እግር ፒኤስ/2 እ.ኤ.አ. በ1987 የመጣ ነው። መልኩ ግን ያሳስታል፤ ኤክስቲ የተባለው የቀድሞ የአይቢኤም ኮምፒውተር ኪቦርድ ከእሱ በኋላ በመጣው ኤቲ ኮምፒውተር ላይ ልክ ቢገባም አይግባቡም።

ከሁሉ የሚከበረው እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የአይቢኤም ሞዴል ኤም ነው። ሁለት ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በጀርባው ወረቀት ላይ የተሠራበት ቀን ይነበባል። 1391401 የሚል ቁጥር ካለበት የታወቀው ባለ 101 ቁልፍ የአሜሪካ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1996 የተሠሩት በአብዛኛው ከአይቢኤም ከተለየው ሌክስማርክ ኩባንያ የወጡ ናቸው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ቀጭን ሞላ አለ፤ ሲጫኑት ወደ ጎን ይታጠፍና ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ከታች ባለው ስስ ፕላስቲክ ላይ ይጥላል። የታወቀው ቀጭ የሚል ድምፅ ከዚህ ነው። ሕመሙም የታወቀ ነው፤ የቁልፎቹን ማቀፊያ ፕላስቲክ ከሥሩ ካለው የብረት ሳህን ጋር የያዙት የፕላስቲክ ችንካሮች በዕድሜ ብዛት አናታቸው ይቆረጣል። ኪቦርዱ ሲነቀነቅ ውስጡ ከተንኳኳ ስብርባሪያቸው ነው። መድኃኒቱ የቀረውን ጉጥ ልጦ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ በስቶ፣ በትናንሽ ቡሎንና ዳዶ ማሰር ነው። ችኮላ አይወድም፤ ሞላዎቹ አንድ በአንድ ከመዶሻቸው ጋር መግጠማቸው ሳይረጋገጥ ከታሰረ ሥራው እንደገና ይፈታል። ከሞዴል ኤም የቀደመው ሞዴል ኤፍ ይበልጣል የሚሉም አሉ።

ከቁልፎቻቸው ሥር በሞላ ፈንታ የጎማ ጉልላት ያላቸው ርካሾቹ ብዙም አያነጋግሩም፤ ይታጠባሉ ወይም ይጣላሉ።

ስኳር ያለው ሻይ የፈሰሰበት ኪቦርድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የተበላው የኤሌክትሪክ መስመር በቴስተር ተፈልጎ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ የብር ቀለም ይቀጠላል። ቢጫ የሆነን ፕላስቲክ በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ማንጣት ያከራክራል፤ ቢጫው ተመልሶ ሊመጣ ይችላልና። ቁልፎቹ በፈላ ሳይሆን ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ይታጠባሉ። የግእዝ ፊደል ወረቀት የተለጠፈባቸው ከሆነ ከመታጠባቸው በፊት ፎቶ ይነሣሉ፤ የፊደሉ አቀማመጥ እንደ ሶፍትዌሩ ስለሚለያይ ያለዚያ ጸሐፊዋ የለመደችውን ቦታ አታገኝም።