የመምህራን «እችላለሁ ባይነት» ምንድን ነው? ከሕይወት እርካታስ ምን ያገናኘዋል?

የራስ ብቃት እምነት፣ በቀላሉ እችላለሁ ባይነት፣ አንድ ሰው የተወሰነ ሥራን ከዳር ማድረስ እንደሚችል የሚያድርበት እምነት ነው። ጽንሰ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረበው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር አልበርት ባንዱራ ሲሆን፣ ከአጠቃላይ በራስ መተማመን የሚለየው ምንጊዜም ከአንድ ሥራ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ነው፤ በሰው ፊት ለመናገር የማይፈራ መምህር፣ ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ክፍልፋይን ማስረዳት እንደሚችል ላያምን ይችላል።

የሕይወት እርካታ ደግሞ የዕለት ደስታ ሳይሆን፣ ሰው መላ ሕይወቱን በራሱ ሚዛን ሲመዝን የሚሰጠው ፍርድ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኤድ ዲነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት የታወቀ መለኪያ አምስት ዐረፍተ ነገሮች ብቻ አሉት፤ መላሹ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል።

መምህር የቀኑን ትልቁን ክፍል በተማሪዎቹ ፊት ስለሚያሳልፍ፣ «ማስተማር አልቻልኩበትም» የሚል ስሜት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አይቀርም፤ የተማሪዎቹን ደብተር ይዞ እንደሚገባ ሁሉ ይህንንም ይዞ ቤቱ ይገባል። እችላለሁ ብሎ የሚያምነው ግን የከሸፈውን ክፍለ ጊዜ ነገ የሚታረም ሥራ አድርጎ ያየዋል።

ይህ እምነት ከየት ይመጣል? ባንዱራ አራት ምንጮችን ይጠቅሳል፦ ሠርቶ ማሳካት፣ የመሰሎችን ስኬት ማየት፣ የሚታመን ሰው ቃልና የራስ አካላዊና ስሜታዊ ሁኔታ። ማኅበራዊ ድጋፍ፣ ማለትም ከሌሎች ሰዎች የሚገኝ እገዛ፣ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ ምንጮች በቀጥታ ከሰው የሚገኙ ናቸውና። አንዲት ጀማሪ የሒሳብ መምህርት አሉታዊ ቁጥሮችን አስተምራ ስትጠይቅ ክፍሉ ጭጭ አለባት እንበል። ኋላ ተቀምጠው የተከታተሉ አንጋፋ መምህር «ልጄ፣ ጠይቀሽ ሳታበቂ ራስሽ ትመልሺዋለሽ፤ ነገ ትንሽ ጠብቂያቸው» ይሏታል። በማግስቱ ጠመኔዋን እንደያዘች ዝም ብላ ትጠብቃለች፤ ከመጨረሻው ወንበር አንድ እጅ ይወጣል። «በርቺ» ብቻ ቢሏት ኖሮ ቃሉ ደስ ያሰኛት ይሆናል እንጂ ያንን እጅ አታይም ነበር። ቅጽ ይዞ ጉድለት ቆጥሮ የሚሄድ ጉብኝት፣ በእኔ እምነት፣ ድጋፍ ሊባል አይገባውም።

ከትምህርት ቤት ውጭ ያለው ድጋፍም ቀላል አይደለም። ልጅ ሲታመም ክፍለ ጊዜ የሚሸፍን ባልደረባ፣ ኀዘን ሲደርስ ድንኳን የሚተክል እድር፣ ማታ ቡና አፍልታ የምታዳምጥ እኅት ጭንቀቱ የሚያደርሰውን ጉዳት ያቀልላሉ፤ መምህሩ ራሱን የሚጠራጠርበት ወቅት ላይ እንኳ እርካታው ጨርሶ እንዳይሟጠጥ ያግዛሉ።

ዝምድናው ግን ባለ አንድ አቅጣጫ አይደለም፤ በሕይወቱ የረካ መምህር ራሱን ብቁ አድርጎ ለማየትም ሆነ ድጋፍ ለመጠየቅ ይቀለዋል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ መጠይቅ ብቻ የተሰበሰበ መረጃ ሦስቱ፣ ማለትም እችላለሁ ባይነት፣ ድጋፍና የሕይወት እርካታ፣ አብረው መገኘታቸውን እንጂ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አያሳይም። ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃውን መምህር «በራስህ እመን» ማለትም የጽንሰ ሐሳቡን ትርጉም ማጣመም ነው፤ እምነቱ ስለ ማስተማር እንጂ ስለ ኪራይ አይደለምና።