74110፦ ከመልኮ የወጣው ቡና

74110 ከጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ የአረቢካ ቡና ዝርያ ነው። የቡና ፍሬ በሽታን (ብዙ ሰው ሲቢዲ የሚለውን) ስለሚቋቋምና ጥሩ ስለሚያፈራ ዛሬ ከጅማና ከኢሉባቦር አልፎ ጉጂ፣ ሲዳማና ይርጋጨፌ ድረስ ይተከላል። ውጭ አገር ቡና ቆልተው የሚሸጡ ድርጅቶች ቁጥሩን ማሸጊያቸው ላይ ያትሙታል፣ እኛ ጋ ግን ጅማ መርካቶ ገብቶ 74110 ስጡኝ የሚል ሰው የለም፣ በአማርኛም ስለሱ አንድ ቦታ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ማግኘት ከባድ ነው፣ ለዛ ነው ይሄ የተጻፈው።

ማዕከሉ ከከተማው ወደ ምእራብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ነው ያለው፣ የጅማ ሰው በቃ መልኮ ብሎ ነው የሚጠራው። የተቋቋመው በ1967 ነው (እዚህ ያሉት አመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። ከፍታው 1750 ሜትር አካባቢ፣ ዝናቡም በአመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሆነ ለቡና የተመቸ ቦታ ነው፣ የአገሪቱን የቡና ምርምር የሚያስተባብረውም እሱ ነው፣ ይገባዋልም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከበሽታው ነው። ሲቢዲ መጀመሪያ የታወቀው ኬንያ ውስጥ በ1922 ሲሆን ኢትዮጵያ ውስጥ መግባቱ የተመዘገበው በ1971 ነው። አምጪው ፈንገስ ነው፣ ገና በማደግ ላይ ያለውን አረንጓዴ ፍሬ ይይዝና ጥቁር ጎድጎድ ያለ ቁስል ያወጣበታል፣ ከዛ ፍሬው ወይ ይረግፋል ወይ ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ጠቁሮ ይደርቃል። በተለይ ከፍ ያለ፣ ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ይወዳል፣ ይሄ ማለት ደግሞ ጥሩ ቡናችን ያለበትን ቦታ ማለት ነው። መዳብ ያለበት ኬሚካል መርጨት ይቻላል፣ ግን በየአመቱ ደጋግሞ መርጨት ይጠይቃል፣ ጓሮው ውስጥ ቡና ያለው ገበሬ ደግሞ ይሄን ከየት ያመጣዋል። ስለዚህ ያለው መፍትሄ በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ መፈለግ ነበር፣ እሱ ደግሞ የቡና መገኛ በሆነ አገር ውስጥ መኖሩ አይቀርም። (መገኛው በትክክል የት ነው ለሚለው ካፋዎች ማንኪራ ይላሉ፣ ነገር ግን ጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬ መሆኗን እዚህ ጅማ ማንም አይጠራጠርም።)

አሰራሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በሽታው ክፉኛ የመታቸው የቡና ቦታዎች እየተዞሩ ዙሪያው ያለው ሁሉ ጠቁሮ እሱ ብቻ ንጹህ ፍሬ ይዞ የቆመ ዛፍ ይፈለጋል፣ ከዛፉ ዘር ይወሰዳል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ችግኝ ይፈላል። ከዛ ለጋ ችግኙም አረንጓዴ ፍሬውም ላብራቶሪ ውስጥ ሆን ተብሎ ፈንገሱ እንዲነካው ይደረጋል፣ ያለፈው ደግሞ በሽታው ባለበት ቦታ ተተክሎ ለአመታት ይታያል። ከዚ ስራ ጋር በብዛት ስማቸው የሚነሳው የፋኦው (የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት) ባለሙያ ራውል ሮቢንሰንና ሆላንዳዊው ቫን ደር ግራፍ ናቸው፣ ችግኙን ያፈሉትና ያንን ሁሉ ፍሬ የቆጠሩት የመልኮ ሰራተኞች ግን ብዙም አይጠቀሱም። በተለመደው ማዳቀል አዲስ የቡና ዝርያ ለማውጣት 20 አመትና ከዛ በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ እዚህ ግን በ1974 የተመረጠው ዛፍ በ1970ዎቹ መጨረሻ ለገበሬ ተለቀቀ። ቁጥሩም የመጣው ከዚሁ ነው፣ 74 አመቱ ነው፣ 110 ደግሞ የእናት ዛፉ መለያ። 74112፣ 74140፣ 74148፣ 74158 እና 74165 የዛው አመት ወንድሞቹ ናቸው።

የ74110 እናት ዛፍ የተገኘው መቱ አካባቢ ቢሻሪ ነው። የመቱ ሰው ቡናው የኛ ነው ቢል አይፈረድበትም፣ ፈትኖ ዝርያ ያደረገው ግን መልኮ ነው።

ዛፉ እጥር ምጥን ያለ ነው፣ ቅጠሉም ፍሬውም ትንንሽ ነው። ቦታ ስለማይሻማ ቀረብ ቀረብ አድርጎ መትከል ይቻላል፣ በ2 ሜትር በ2 ሜትር ቢተከል እንኳ ሄክታሩ 2500 ዛፍ ይይዛል፣ ለሰፋፊ የቡና እርሻዎች የተመቸውም በዚ ነው። ጅማ አካባቢ ከዋንዛ፣ ከብርብራና ከሰሳ ጥላ ስር ይተከላል፣ ሲያረጅ ይጎነደላል። ጌዴኦዎች ኩሩሜ ከሚሉት ባለ ትንሽ ፍሬ ቡና ጋር የሚያምታቱት ሰዎች አሉ።

በደርግ ጊዜ ከ1977 ጀምሮ በአውሮፓ ኢኮኖሚ ማህበረሰብ ገንዘብ በተካሄደው የቡና ማሻሻያ ፕሮጀክት ሲቢዲን የሚቋቋሙ ችግኞች ተሰራጭተዋል። በኋላ ግን የደቡብ ምእራቡን ዝርያ የትም ወስዶ መትከል ሁልጊዜ እንደማያዋጣ ስለታየ ማዕከሉ ለየአካባቢው ከራሱ ነባር ቡና መምረጥ ጀመረ፣ ለሲዳማና ይርጋጨፌ የወጡት አንጋፋና ኦዲቻ ከዚ ስራ የመጡ ናቸው።

ወደ ቡናው አዘገጃጀት ስንመጣ፣ የጅማ ቡና ለረጅም ጊዜ አለም ላይ የሚታወቀው በጀንፈል (ሳይታጠብ ከነገለፈቱ በደረቀ ቡና) ነው፣ ጅማ 5 ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ማለት ነው። ጥፋቱ የዛፉ አልነበረም፣ አረንጓዴና ቀይ ተቀላቅሎ ይለቀማል፣ መሬት ላይ ይሰጣል፣ አቧራና ሻጋታ ይገባበታል። ከ2009 ወዲህ አጋሮ አካባቢ ገበሬዎች በማህበር ተደራጅተው የቡና ማጠቢያ ሲያቋቁሙ ነገሩ ተለወጠ፦ ቀይ እሸት ብቻ ይገዛል፣ በዛው ቀን ይፈለፈላል፣ ታጥቦ ከመሬት ከፍ ባለ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ እርጥበቱ ወደ 11 እና 12 በመቶ እስኪወርድ እየተገላበጠ ይደርቃል። በ2010 የተቋቋመው ዱሮሚና ማህበር በሁለት አመቱ፣ በ2012፣ በቴስት ኦፍ ሃርቨስት ውድድር የአፍሪካ ምርጥ ቡና ተባለ። ያው የድሮው የጅማ ቡና ነው እንግዲህ።

ታዲያ ቁጥሩ ለምን ገበያ ላይ አይሰማም ከተባለ፣ በምርት ገበያ የሚያልፍ ቡና የሚመደበው በአካባቢና በደረጃ ነው፣ በዝርያ አይደለም። ይርጋጨፌ የበቀለ 74110 ይርጋጨፌ ተብሎ ነው የሚሸጠው።

መልኮ በ1990ዎቹ መጨረሻ አባቡናና መልኮ ሲኤች2 የሚባሉ ዲቃላዎችን፣ በ2002 ደግሞ ጋዌን አውጥቷል፣ ምርታቸውም ከፍ ያለ ነው። ችግሩ የዲቃላ ዘር አበባው በእጅ እየተዳቀለ ነው የሚዘጋጀው፣ ገበሬው ከራሱ ዛፍ ዘር ወስዶ ቢተክል ያው አይወጣለትም። 74110 ግን አረቢካ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከማሳው ደህና ቀይ እሸት መርጦ ለቅሞ ችግኝ ማፍላት ይቻላል፣ ችግኝ ጣቢያው ከሌላ ዝርያ ጋር ካላደባለቀው ማለት ነው።