መኪና «መሬት ያዘ» ማለት ምንድን ነው?

በቀደም አንድ ሰው «ጎማ ሲሰፋ መሬት የሚነካው ላስቲክ ይበዛል፤ በቃ፣ መኪናው መሬት ይይዛል» ብሎ ሲያስረዳ ሰማሁ። ይህን ስንት ጊዜ ሰማሁት! መሬት መያዝ ማለት መኪናው ሲዞር፣ ሲቆምና ሲፈተለክ ጎማው ሳይንሸራተት ጉልበቱን መሸከሙ ነው። ስፋት ብቻውን ይህን አይሰጥም።

ጎማው መሬት የሚነካበትን ቦታ በዋናነት የሚወስኑት የተሸከመው ክብደትና በውስጡ ያለው ንፋስ ናቸው። 350 ኪሎ የተሸከመ ጎማ በ33 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ሲነፋ ወደ 150 ካሬ ሳንቲ ሜትር መሬት ይነካል። (የጎኑ ጥንካሬ ሒሳቡን ትንሽ ያዛባዋል።) ጎማው ቢሰፋም ንፋሱ ያው ከሆነ ቦታውም ያው 150 ገደማ ነው። የሚለወጠው ቅርጹ ነው፤ ርዝመቱ ያጥራል፣ ወርዱ ይሰፋል።

ታዲያ ሰፊ ጎማ ጥቅም የለውም? አለው! ላስቲኩን በየተራ የሚሠሩ ሰዎች አድርጋችሁ አስቡት። በአንድ ቅጽበት መሬት የሚረግጡት ተረኞች ቁጥር አልጨመረም። ሰፊው ጎማ ግን ተራ የሚጠብቁ ብዙ ሰዎች አሉት። እያንዳንዱ ረዘም ላለ ጊዜ ያርፋል፣ ይበርዳል፣ ቀስ ብሎ ያልቃል። ስለዚህ ጎማው ከለስላሳ ላስቲክ ሊሠራ ይችላል። በደንብ መሬት የሚይዘውም ይህ ለስላሳ ላስቲክ ነው። የውድድር መኪኖች ጎማ ሰፊ የሚሆንበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። ደረቅ ላስቲክ ያለው ሰፊ ጎማ ገዝቶ ይህን መጠበቅ ግን አይሆንም።

ተረኞቹ ጎን ለጎን በሰፊው ሲሰለፉ ደግሞ ችግር አለ። መኪናው ኩርባ ላይ ሲጋደል የሰልፉ አንድ ጫፍ ይቀላል፤ ሸክሙ ሌላው ጫፍ ላይ ይወድቃል። ዝናብ ላይ ሰፊው ሰልፍ ከፊቱ ብዙ ውኃ መግፋት አለበት፤ ለዚያውም በአጭር ጊዜ። ካልቻለ መኪናው ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ጎማ ተመላልሶበት ቦይ የወጣለት አስፋልት ላይ ደግሞ ሰፊው ጎማ ሁለት ተዳፋት በአንዴ ይረግጥና መሪውን ከእጅ ይነጥቃል።

«ግን እኮ ወደ ሰፊ ጎማ ቀይሬ መሪው ፈጠነልኝ» የሚል አለ። እውነቱን ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ ያን የሰጠው የጎማው ጎን ማጠሩ ነው። 195/65 ባለ 15 (ወርዱ 195 ሚሊ ሜትር፣ ጎኑ የወርዱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 15 ኢንች) ወጥቶ 225/45 ባለ 17 ሲገባ የሁለቱም ቁመት 634 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎኑ ግን ከ127 ወደ 101 ይወርዳል። አጭር ጎን በቀላሉ አይታጠፍም። ጉድጓድ ሲገኝም ቸርኬውን የሚያድነው ላስቲክ ያን ያህል ቀንሷል።

ቸርኬው ከቀድሞው ይልቅ ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ሲዞር ከፓራፋንጎው ጋር ሊፋተግ ይችላል። ኩሺኔታው ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። አንዱ ጎማ ደረቅ፣ ሌላው እርጥብ መሬት ላይ ሆኖ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ መሪው ከበፊቱ በበለጠ ጉልበት ወደ አንድ ጎን ሊጎትት ይችላል።