የተሸረፈ የፊት ጥርስ ጥገና፦ ቦንዲንግ በጎንደር

ቦንዲንግ የተሸረፈን፣ ቀለሙ የተበላሸን ወይም ከጎረቤቶቹ አንሶ የበቀለን የፊት ጥርስ የጥርስ ቀለም ባለው ማቴሪያል የማስተካከል ሕክምና ነው። ማቴሪያሉ ኮምፖዚት ይባላል። ሲመጣ እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው፤ ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ቅርጽ ከያዘ በኋላ በሰማያዊ ብርሃን ይጠነክራል። ሥራው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። ለአንድ ጥርስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ጥቃቅን ጉድለት ከሆነ ማደንዘዣም አያስፈልግም። ይህን አሠርቶ የመጣ የጎንደር ሰው "ጥርሴን አስሞላሁ" ይላል። አባባሉ ብዙም አልራቀም፤ የተቦረቦረ መንጋጋ የሚደፈንበትም ኮምፖዚት ነውና። ልዩነቱ ሐኪሙ በቦንዲንግ ጉድጓድ አለመቆፈሩ ነው። ከጤነኛ ጥርስ ብዙም ሳይቀንስ የጎደለውን ይጨምራል። የዚህ ሕክምና ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው፤ አንዴ የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አያድግም።

የፊት ጥርስ የሚሸረፍበት ምክንያት ከኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። ቆሎ ሲቆረጠም ጠጠር ይገጥማል፤ በደንብ ያልተለቀመ ምስርም እንዲሁ። ቆርኪ በጥርስ የሚከፍት ወጣት ዛሬም አለ። ልብስ ሰፊውና ጥልፍ የምትጠልፈዋ ሴት ክሩን ዘወትር በአንድ ቦታ በጥርሳቸው ሲበጥሱ ዓመታት ካለፉ በኋላ የፊት ጥርሳቸው ጫፍ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለች ምልክት ትቀራለች። በገና ጨዋታ ላይ ከፍ ብላ የመጣች ሩር ወይም ሳይታሰብ የተወነጨፈ ዱላ፣ የድንጋይ ደረጃ ላይ መውደቅ፣ የባጃጅ አደጋ፤ ሁሉም መጨረሻቸው አንድ ነው፦ ከላይኛው የፊት ጥርስ ማዕዘን ላይ የጠፋች ሽራፊ። ሰውየው አያመውም ይሆናል። ሲስቅ ግን እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ለዚህ ሲባል ብቻ ሐኪም ዘንድ መሄድ ቅብጠት ነው ከሚሉት ጋር አልስማማም፤ አፉን ሸፍኖ የሚስቅ ልጅ ያየ ሰው ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል።

ለጎንደር አካባቢ ሰው በተለይ መነሳት ያለበት ሌላ ምክንያት ግግ ማስወጣት ነው። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ድዱ ላይ አበጥ ያለችውን ቦታ የበሽታው ምንጭ ነች ብሎ በስለት የማውጣት ልማድ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ኖሯል። አበጥ ያለችው ግን ገና ያልበቀለች የወተት ክራንቻ ነች። ከሥሯ ደግሞ የቋሚው ጥርስ ጽንስ ተቀምጧል፤ ስለቱ እሱንም ይነካዋል። ልጁ አድጎ ቋሚ ጥርሱ ሲወጣ ኢናሜሉ (ጠንካራው የጥርስ ውጫዊ ሽፋን) የጎደለ፣ ቅርጹ የተዛባ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት ሆኖ ይወጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይወጣም። ወደ እስራኤል በሄዱ የቤተ እስራኤል ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ ጉዳት መዝግበዋል። እንዲህ ያለውን ክራንቻ በቦንዲንግ መልክ ማስያዝ ይቻላል። የሚሻለው ግን ልማዱ እንዲቀርና ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እንዲሰጠው፣ ወደ ጤና ጣቢያም እንዲወሰድ ማድረግ ነው።

ቡናማ ጥርስ ሁሉ ግን ከአንድ ቦታ አይመጣም። በስምጥ ሸለቆ፣ ዝዋይና ወንጂን በመሳሰሉ ቦታዎች፣ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በእነዚያ አካባቢዎች ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ውኃ ሲጠጣ ኖሯል። ጥርሱ የሚበላሸው ድድ ውስጥ ሳለ፣ በልጅነት ነው፤ ስለዚህ በዚያ ያደገ ተማሪ ወይም ሠራተኛ ጎንደር ሲመጣ ምልክቱን ይዞት ይመጣል። ጥርስ ባለመፋቁ የመጣ አድርጎ በእሱ ላይ መፍረድ ስህተት ነው። በልጅነት የተወሰደ ቴትራሳይክሊን የተባለ መድኃኒትም ግራጫ ወይም ቡናማ መስመር ይተዋል። ቀለል ያለው ምልክት ላዩ ትንሽ ከተፈገፈገ በኋላ በስስ ኮምፖዚት ሊሸፈን ይችላል። ከውስጥ የጠቆረውን ግን ስስ ሽፋን አይደብቀውም፤ ወፍራም ሲደረግ ደግሞ ጥርሱ አብጦ ይታያል።

ስለ ፍንጭት ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ሁለቱን የላይ የፊት ጥርሶች የሚለየው ክፍተት በውጭ አገር የጥርስ ማስታወቂያዎች ላይ እንደ ጉድለት ይቀርባል፤ ቦንዲንግም ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ እሱን መዝጋት ነው። በእኛ ዘንድ ግን ፍንጭት የውበት ምልክት ነው። ጥርሷ ሐጫ በረዶ፣ ፍንጭቷ የሚያምር ስትባል የኖረች ሴት ልጅ በስልኳ ባየችው ፎቶ ምክንያት ልታስዘጋው ስትመጣ፣ ሐኪሙ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ደግማ እንድታስብበት ጊዜ ቢሰጣት ደስ ይለኛል። እሷ ከወሰነች መብቷ ነው። ክፍተቱ እስከ 2 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ በሁለቱም ጥርሶች ጎን እኩል እኩል በመጨመር ጥሩ ይዘጋል። ከዚያ ሲሰፋ ጥርሶቹ ሰፋፊ አካፋ ስለሚመስሉ ብሬስ (ጥርስን ቀስ በቀስ የሚስብ ሽቦ) ማሠር የተሻለ ነው።

የድድ ንቅሳትም እንዲሁ በጎንደርና በአጎራባች አካባቢዎች በእናቶች ዘንድ የታወቀ ጌጥ ነው። ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ይበልጥ ነጥቶ ይታያል። የተነቀሰ ድድ ላላት ሴት የኮምፖዚት ቀለም የሚመርጥ ሐኪም ይህን ማስተዋል አለበት፤ በጣም ነጩን ካነሳ ጥርሷ ከጥቁሩ ድድ አጠገብ ኖራ የተቀባ ይመስላል።

የሕክምናው ታሪክ ረጅም አይደለም። በደምቢያ የተነሳውን የወባ ወረርሽኝ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ፤ ያን ጊዜ የሚያሠለጥነው የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ነበር። በዓመቱ፣ በ1955፣ በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ ማይክል ቡኦኖኮር የተባለ ተመራማሪ ኢናሜልን በፎስፎሪክ አሲድ ቢያሻክሩት ሙጫ አጥብቆ እንደሚይዝ አሳተመ። ሐሳቡን ያገኘው ብረት ቀለም እንዲይዝ አስቀድሞ በአሲድ ከሚታከምበት የፋብሪካ አሠራር ነው። ቀጥሎ ራፋኤል ቦወን ቢስ ጂኤምኤ የተባለውን ሙጫ ሠርቶ በ1962 የፈጠራ መብት አገኘበት፤ ዛሬም ብዙው ኮምፖዚት በእሱ ወይም በዘመዶቹ ላይ የተመሠረተ ነው። ሙጫው ብቻውን ደካማ ስለሆነ ከኮምፖዚቱ ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው የደቀቀ ብርጭቆና ሲሊካ ነው። የጎንደሩ ኮሌጅ ደግሞ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የጥርስ ሕክምናም ያስተምራል፤ በሆስፒታሉም የጥርስ ክፍል አለ። ከዚያ ሌላ በከተማዋ የግል የጥርስ ክሊኒኮች ይሠራሉ።

አሠራሩን የሚያውቅ ታካሚ ጥሩ ሥራን ከመጥፎው መለየት ስለሚችል ዘርዘር አድርጌ ልግለጸው። መጀመሪያ የሚመረጠው ቀለም ነው። ብዙ ክሊኒክ የሚገኘው የቀለም ማነጻጸሪያ 16 ናሙና ጥርሶች አሉት፤ ሐኪሙ አንድ በአንድ ከጥርሱ አጠገብ እያስጠጋ ያያል። ይህ በመስኮት በሚገባ የቀን ብርሃን፣ ጥርሱ እርጥብ እንዳለ መሆን አለበት። አፍ ተከፍቶ ጥርስ ሲደርቅ ለጊዜው ነጣ ይላል፤ ዘግይቶ የተመረጠ ቀለም በማግስቱ ሳይገጥም ይቀራል። ከንፈሯን ቀለም የተቀባች ሴትም ጠርጋ ብትቀመጥ ይሻላል።

ከዚያ ጥርሱ ይጸዳል፤ የሽራፊው ጠርዝም በስሱ ይሞረዳል። ከ35 እስከ 37 በመቶ የሚሆን ፎስፎሪክ አሲድ ኢናሜሉ ላይ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ይቀመጥና በውኃ ታጥቦ በአየር ይደርቃል። የደረቀው ቦታ ደብዝዞ ጠመኔ ይመስላል፤ ይህ አሲዱ መሥራቱን የሚናገር ምልክት ነው። ግንበኛ የለሰለሰ ግድግዳ ላይ ልስን እንደማይይዝለት አውቆ አስቀድሞ ግድግዳውን በመዶሻ እንደሚያሻክር ሁሉ፣ አሲዱም በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይከፍታል። በላዩ የሚቀባው ቀጭን ማጣበቂያ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ሲጠነክር ሥር እንደ ሰደደ ይሆናል።

ሥራው የሚበላሽበት ዋናው ቦታ እዚህ ነው። ከአሲዱ በኋላ ምራቅ ወይም የድድ ደም ጠብ ካለ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ማጣበቂያው አይገባም። ስለዚህ ጥርሱን በስስ ላስቲክ ሸራ መለየት፣ ካልሆነም ጥጥ እየቀያየሩ ምራቁን በመምጠጫ ማንሳት የግድ ነው። ድዱ ሲነካ የሚደማ ሰው አስቀድሞ ጥርሱን አሳጥቦ፣ ድዱ እስኪድን ጠብቆ ቢመለስ ይመረጣል። በዚያው ቀን ካልተሠራልኝ ብሎ የሚቸኩል ታካሚ፣ እሺ ብሎ የሚሠራለትም ሐኪም፣ ከጥቂት ወራት በኋላ በወደቀ ኮምፖዚት ይገናኛሉ። የመብራት መቆራረጥም እዚህ ይገባል፤ ማጠንከሪያ መብራቱ በባትሪ ቢሠራም አየሩና መምጠጫው በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ስለሆነ ጄኔሬተር የሌለው ክሊኒክ ሥራው መሃል ሊቆም ይችላል።

ኮምፖዚቱ በአንዴ አይከመርም። ሲጠነክር ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ይሸበሸባል፤ ብርሃኑም በጥልቀት አይዘልቅም። ስለዚህ ከ2 ሚሊሜትር ባልበለጠ ውፍረት እየተደራረበ፣ እያንዳንዱ ድርብ የሞገድ ርዝመቱ ወደ 470 ናኖሜትር በሚጠጋ ሰማያዊ ብርሃን 20 ሰከንድ ያህል ይመታል። ብርሃኑን ትኩር ብሎ ማየት ዓይን ይጎዳል፤ ብርቱካንማው መከለያ የሚያዘው ለዚህ ነው። በመጨረሻ ታካሚው ባለቀለም ወረቀት ነክሶ ከፍ ያለው ቦታ ይስተካከላል፤ ከዚያ ማለስለስ ይመጣል። ማለስለሱ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም የሚዘለለው እሱ ነው። ሻካራ የቀረ ኮምፖዚት ቡና ይጠጣል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ቡናውስ? ማንም ጎንደሬ አቦል፣ ቶና፣ በረካውን እንዲተው አይጠበቅም። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ግን ቡና፣ ሻይ፣ እርድ የበዛበት አልጫና ሲጋራ ቢቀሩ ቀለሙ ይጠበቃል። ጥር ላይ ለሚሞሸር ሰው ከሠርጉ ዋዜማ ይልቅ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ማሠራት ይበጃል። ጥርሱን ማንጣትም ከፈለገ የሚቀድመው እሱ ነው፤ ኮምፖዚት በማንጫ አይነጣም፣ ከተነጣም በኋላ ማጣበቂያው በደንብ እንዲይዝ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አለበት። አረቄ ለሚያዘወትር ሰው አልኮል የኮምፖዚቱን ሙጫ እንደሚያለሰልሰው መንገር ተገቢ ነው። ጥርሱን አሞት ቅርንፉድ ይዞ የከረመም ይህንኑ ለሐኪሙ ይናገር፤ በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ያለው ዩጂኖል ኮምፖዚት እንዳይጠነክር ያደርጋል። የወይራ መፋቂያ መጠቀም የሚከለክል ነገር የለም፤ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ይለስልስ እንጂ።

ሥራው በደንብ ከተያዘ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። ቬኒየር፣ ማለትም በጥርሱ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ የሸክላ ቅርፊት፣ ከዚህ ይበልጥ ይቆያል፤ ቀለሙንም ይጠብቃል። ነገር ግን በላብራቶሪ ስለሚሠራ ዋጋው ይወደዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱም ከፊት መሞረድ አለበት። ጥርሱን ዙሪያውን ቆርጦ ካፕ ማልበስ ደግሞ ለትንሽ ሽራፊ ፈጽሞ አይገባም። ወጣት ታካሚ ለአንዲት የተሸረፈች ማዕዘን ካፕ እንዲያደርግ ከተነገረው ሌላ ሐኪም ቢጠይቅ መልካም ነው። በሌላ በኩል ቦንዲንግ የማይችለውም አለ፦ ከግማሽ በላይ የተሰበረ ጥርስ፣ ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ያለ መከላከያ፣ ከምት በኋላ የጠቆረና ሥሩ መታከም ያለበት ጥርስ። የተበላ ጥርስም በላዩ አይለበጥበትም፤ መጀመሪያ ብስባሹ ይወጣል።

ልጅ ወድቆ ጥርሱ ሲሰበር ሽራፊውን መሬት ላይ ፈልጎ ማንሳት ያስፈልጋል። ሽራፊው በወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ውስጥ ተደርጎ በዚያው ቀን ክሊኒክ ከደረሰ፣ ብዙ ጊዜ ያችው የራሱ ቁራጭ በዚሁ ማጣበቂያ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ከእሷ የተሻለ የሚገጥም ቀለም ደግሞ የለም። ቁራጯ ከጠፋች ኮምፖዚቱ ይተካታል። ከዓመታት በኋላ ጠርዙ ላይ ቡናማ መስመር ብቅ ቢል ወይም ጫፉ ቢነሳ ሁሉም ተነቅሎ እንደገና አይጀመርም፤ ሐኪሙ ላዩን ገፎ፣ ቦታውን አሻክሮ፣ በአሮጌው ላይ አዲስ ድርብ ይጨምርበታል።